ስድስት ሳንቲሜትር

ጥቅምት 6

ስንዝሬ፣

መልስ ዘገየብኝ ብለህ መቀየምህን እማዬ ገና ፖስታውን ስታየው አወቀች። «ሲናደድ ፊደሉ ወደ ቀኝ ይጋደማል» አለችኝ። እንደምን ከረምክ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ የምጀምርበትን ሳምንት ስጠብቅ ነው ጥቅምት የገባው። ሳምንቱ አልመጣም። ዝምታውም መረረኝ። ስለዚህ ይቅርታ አድርግልኝና አንብብ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ላይ «መንገዳችን» ብዬ ጀምሬ የሰረዝኩት ምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ዓይንህ ለስረዛ ያለው ነገር! እሺ፣ ልንገርህ። መንገዳችን ላይ መሠረት ተቆፍሯል። የጋሽ መቀስ ልጅ የአባቱን የስፌት ቤት አፍርሶ ዳቦ ቤት እየሠራ ነው። ምድጃው የሚቆመው እኛ ከቤታችን ወደ አስፋልቱ በምንወጣበት ቦታ ላይ ነው። ከኋላችን ገደል፣ በግራችን የትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ አጥር ነው። ሌላ መውጫ እንደሌለን ላንተ አልነግርህም።

ልጁ ባለጌ አይደለም። ፕላኑን ጠቅልሎ ይዞ መጣና አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ መንገድ አለ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ወረቀቱ ግን አያውቀውም» አለኝ። ዘረጋልኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። ከታች ያንተ ፊርማ አለ፣ ያኔ ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣህ የምትፈርማት ባለ ጭራዋ። ቀያሽ ወንድም አለኝ ብዬ ሰፈሩን ስጎርርበት ኖሬ፣ ያችን ፊርማ ሳይ ፕላኑን መልሼ ጠቀለልኩለት።

እማዬ ግራ ጎኗ ከሰነፈ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ በዊልቸር እየገፋሁ ፊዚዮቴራፒ እንደምወስዳት ታውቃለህ። ስንመለስ ጥግ ላይ፣ ጫማ ሰፊው አጠገብ፣ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። አላፊ አግዳሚውን ትቆጥራለች። «ዛሬ መቶ አርባ ሰው አለፈ፣ ሦስቱ ሰላም አላሉኝም» ብላ ትገባለች። የቀራት ኑሮ ይሄ ነው። መንገዱ ከተዘጋ በአራት ግድግዳ መሃል ልትቀር ነው። ሌላ አልለምንህም፤ ፕላኑን ያነሳኸው አንተ ነህና መንገዱ ለምን እንደሌለበት ጽፈህ ላክልኝ። ከቻልክም ና።

እህትህ

ጥቅምት 21

እታለም፣

ይህ ወረቀት ላንቺ ብቻ ነው። ለእማዬ የሚነበበውን ለብቻው አጥፌ አስገብቼዋለሁ። እዚያ ላይ ያለችው የፎርማናችንን ባርኔጣ የሰረቀች ጦጣ እውነተኛ ናት፣ አልዋሸሁም። ፖስታው ለምን ወፈረ ብላ ከጠየቀችሽ፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው በያት።

መምጣቱን ተይው። ይህን መንገድ ዝናብ ሳይገባ ማስረከብ አለብን፣ ከእኔ ሌላ ችካል የሚተክል ሰው የለም። ስልክም እንደምታውቂው በዚህ ሸለቆ አይሠራም፤ ለመደወል ተራራ ወጥቼ ስወርድ ቀኑ ያልቃል።

ፕላኑን በሚመለከት፣ ፕላን ብዙ ነገር ይተዋል። ዛፍ ይተዋል፣ ጉድጓድ ይተዋል፣ ሰው የሚረግጠውን ሁሉ አያሰፍርም። ያኔ መመሪያውም እንደዚያ ነበር መሰለኝ። ቆይቷል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ዋናው ነገር አሁን ምን ቀረልን የሚለው ነው። ግድግዳው ሲነሳ በአጥሩና በግድግዳው መካከል ያለውን ስፋት ሦስት ቦታ ለኪና ትንሹን ያዢ። ሜትሩ እንዳይረግብ። የሜትር አያያዝ እንኳ ድሮም ታውቂበታለሽ። የዊልቸሩንም ስፋት ላኪልኝ። የስፌት ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ስር ያለው መሬትስ በፕላኑ ላይ በማን በኩል ነው? እሱንም እዪልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 4

ስንዝሬ፣

የጦጣዋን ወሬ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ፎርማንህ ባርኔጣውን አገኘ ወይ ትልሃለች።

ስላዘዝከኝ ለክቻለሁ። ግድግዳው በአሥር ቀን ከራሴ በላይ ሆኗል። ፍርድ ቤት ሥራው ይታገድልኝ ብዬ ነበር፤ «በፕላኑ ላይ የሌለ መንገድ አናግድም» አሉኝ። ትንሹ ስፋት ስልሳ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። ልጁ የተዋት የጣሪያው ውሃ እንዲወርድባት ነው። ዊልቸሩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ስልሳ ስምንት። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ አንዴ ተቆጥቼ፣ አንዴ እያለቀስኩ፣ አንዴ ደግሞ በደንብ። ስልሳ ስምንት ነው።

ልጁ መጥቶ፣ «በፈለጋችሁ ሰዓት ሁለት ሠራተኞች እልክና ተሸክመው ያወጧታል» አለ። ከልቡ ነው ያለው። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ሰማችውና፣ «እኔ ዱቄት አይደለሁም» አለችው። ሳቅን። እሱም ሳቀ። 

ስለ ጋሽ መቀስ ባትጠይቀኝም ልንገርህ። በሕይወት አሉ፣ ግን ነገሩ እየጠፋባቸው ነው፤ አንዳንድ ቀን ብቻ ደህና ይሆናሉ። የስፌት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ በተቆፈረው ላይ እየተንገዳገዱ በየቀኑ ይመጣሉ። «አባትሽ አለ?» ይሉኛል። አባዬ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ብዬ ባረዳቸው በየቀኑ አዲስ ለቅሶ ሊሆንባቸው ነው፤ «ወጣ ብሏል፣ ይመለሳል» እላቸዋለሁ። «እንግዲያው ነገ» ብለው ይሄዳሉ።

የፈረሰውን የስፌት ቤት ግድግዳም በፕላኑ ላይ አይቻለሁ። ከግድግዳው ስር ያለው መሬት የእኛ እንደነበር እናታችን ትናገራለች። አባዬ ለጋሽ መቀስ ሰጥቶ፣ እሳቸው ደግሞ በለውጡ መንገዱን ሰጡን፣ ሁለቱም በቃል። በፕላኑ ላይ ግን ግድግዳው ወደ እነሱ ተሰምሯል። የሰጠነው ተጽፏል፣ የተሰጠን አልተጻፈም። እንዲህ አድርጎ የጻፈው ማን ነው? የምትመልስልኝ አንተ ነህ ብዬ ነው የምጠይቅህ። ለኅዳር ሃያ አምስት ተቀጥረናል።

እህትህ

ኅዳር 16

እታለም፣

ፎርማኑ ባርኔጣውን አላገኘም በያት። ጦጣዋ ግን አድርጋው ትታያለች።

ቁጥሮችሽ ደረሱኝ። በእኛ ሙያ የሚፈቀድ ስህተት የሚባል ነገር አለ። በእንዲህ ያለ ሰፈር አሥር ሳንቲሜትር ድረስ ቢሳሳት ቀያሽ አይጠየቅም። ስድስቱን ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ስንት መንደር ስድስት ስድስት ሳንቲሜትር ጥዬበት አልፌያለሁ፤ በዚያ ልክ የሚቀር ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ዘዴ አለኝ። ዊልቸሩ ከጎማው ውጭ በእጅ የሚገፋበት ክብ ብረት አለው። እማዬ በራሷ እጅ አትገፋውም። ብረታ ብረት ቤት ወስደሽ ከሁለቱም በኩል አስፈቺው፤ ሦስት ሦስት ሳንቲሜትር ይቀንስልሻል። ልክ ስልሳ ሁለት ይሆናል። በጥንቃቄ ከገፋሽው ያልፋል።

ማን እንዲህ አድርጎ ጻፈው ላልሽው፣ አሁን የፋይሉ ነገር ከፊቴ ስለሌለ በግምት መናገር አልፈልግም። በፍርድ ቤት ጋሽ መቀስን በምስክርነት ጥሪያቸው። ቃሉን የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ደህና ይሆናሉ ብለሽኛል። ደህና ቀናቸው እንዲሆን ነው የምለምነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 29

ስንዝሬ፣

ለእማዬ የላክኸውን አላነበብኩላትም፤ የጦጣ ወሬ የምትሰማበት ቀን አይደለም።

ስለ ብረቱ ልጀምር። አስፈታሁት። ማክሰኞ ጠዋት ፀጉሯን አበጥሬ፣ ሰማያዊ ሹራቧን አልብሼ ገፋኋት። ገባ። ሳቀች፣ «ስንዝሬ የዋዛ አይደለም» አለች። መሃል ላይ ግን የልጁ ግድግዳ ትንሽ ሆድ አውጥቷል። ያዘ። ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ። ፊቷ ያለችው ወደ አስፋልቱ ነው፤ መኪናው፣ ሰው፣ ጫማ ሰፊው ሁሉ ይታያታል። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። በመጨረሻ የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ከኋላ ጎትተው አወጡን። የደህናው እጇ ጣቶች ተልጠዋል። ያመኛል አላለችም። ማታ ላይ ብቻ፣ «ስንት ሰው እንዳለፈ አልቆጠርኩም» አለች። ከዚያ ወዲህ ውጪ ውሰጂኝ ብላኝ አታውቅም። እየጠየቀችኝ እምቢ ብላት ይሻለኝ ነበር።

አሁን ፍርድ ቤቱ። ጋሽ መቀስ ደህና ቀናቸው ነበር፣ ልመናህ ሠርቷል። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ገቡ። ዳኛዋ በለሆሳስ፣ «አባቴ፣ በቦታዎ ላይ ለጎረቤትዎ መንገድ ሰጥተው ነበር?» አለቻቸው። ዞር ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉ። ያሉትን እንዳለ ልጻፍልህ።

«የምን መንገድ? የወንድሜ ቤት እኮ ነው። ሰው ወደ ወንድሙ ቤት መንገድ ይሰጠዋል እንዴ?»

ዳኛዋ ደግማ ጠየቀቻቸው። ተቆጡ። ባዕድ አታድርጉን አሉ። ጸሐፊው «መንገድ አልሰጠሁም ብለዋል» ብሎ ጻፈ። ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ይዘው፣ «አኮራኋችሁ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምን ልበል?

ለጥር ሦስት ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት የሚቀርብ ማስረጃ ካለ አቅርቡ ተብሏል። የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ፋይል ከፊቴ የለም አትበለኝ፤ እኔ ስለ ፋይሉ አልጠየቅኩህም።

እህትህ

ታኅሣሥ 12

እታለም፣

ይህ አንድ ወረቀት ነው፣ የሚደበቅ ክፋይ የለውም። ለእማዬ ብታነቢላትም ባታነቢላትም እንደፈቀድሽ።

መመሪያው እንደዚያ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው። መመሪያው መንገድ ይሰመር ነበር የሚለው። እኔ ነኝ የተውኩት።

ያን ቀን አንቺ የሜትሩን ጫፍ ይዘሽ አስፋልቱ ዳር ቆመሽ ነበር። እኔ በራችን ላይ ሆኜ የመንገዱን ርዝመት እየለካሁ፣ ስፋቱን ቀድሜ ሦስት ሜትር ከሃያ ብዬ በመስክ ደብተሬ ጽፌ ነበር። አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ግድግዳውን ስመረው፣ መንገዱን ተወው» አለኝ። ለምን አልኩት። ጋሽ መቀስ አሥር እርምጃ ራቅ ብለው፣ ፀሐዩ መታህ ብለው ለእኔ ውሃ በብርጭቆ ይዘው እየመጡ ነበር። አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በወረቀት ካሰርኩት አንድ ቀን ትክደኛለህ ማለቴ ነው። ቆሞ እያየኝ እንዴት አድርጌ?» አለኝ። ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። የተማርኩት እሱን ነው፣ የተመረቅሁትም በእሱ ነው። ግን ውሃው ደረሰ። ጠጣሁ። እየጠጣሁ በእኒያ ሰው ፊት ያንን መጻፍ አፈርኩ። በደብተሩ ላይ አንድ መስመር አሳለፍኩበት። በሕይወቴ ከሰመርኳቸው መስመሮች ሁሉ የቀለለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት መንደር ሁሉ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያልኩ ሰው ስሰብክ ኖሬያለሁ። ጥሩ ሰባኪ ነኝ ይሉኛል።

ደብተሩን ጠብቄው ነበር፣ ከዚህ ጋር አለ። ስረዛው ስር ቁጥሩ ይነበባል። የሆነውን ሁሉ በመሐላ ጽፌ ለፍርድ ቤቱ በቀጥታ ልኬያለሁ። ምን ያመጣበታል ብለሽ ስለ እኔ አታስቢ፣ ምንም አያመጣም። ቀደም ብዬ ባለመናገሬ ይቅር በይኝ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወንድምሽ

ጥር 9

ስንዝሬ፣

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄኔ ነው። ተቆጥቻለሁ፣ ስለዚህ ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ።

እኔ እኮ ሰምቻለሁ። የያዝኩት ሜትር እንጂ ግድግዳ አይደለም። አባዬ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እንኳ ግማሽ ሰፈር ይሰማው እንደነበር ረሳኸው? የሜትሩ ጫፍ በእጄ ላይ ሲረግብ፣ ስትሰርዘው ያየሁህ ያህል አወቅኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አልተነፈስኩም። ከጥቅምት ጀምሮ ስጠይቅህ የነበረው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ካንተ አፍ እንዲወጣ ነው።

የእኔንም ጥፋት ስማ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቆሜ «ወንድሜ ነው የሰረዘው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ብል እንጀራህ እንደሚሄድ ስለማውቅ፣ ሽማግሌው ያድኑናል ብዬ ዝም አልኩ። አባዬ በጋሽ መቀስ አፈረ፣ አንተ በአባዬ አፈርክ፣ እኔ ደግሞ ላንተ ሳሳሁ። እማዬ በሁላችን ይሉኝታ ተዘጋባት።

ውሳኔው ይሄ ነው። ደብተሩ ታየ። ዳኛዋ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ ሦስት ሜትር ከሃያውን አነበበችው። ከዚያ፣ «ቁጥሩን የጻፈው እጅ ነው የሰረዘው፤ ሕጉ የሚያየው መሰረዙን ነው» አለች። ፕላኑን ለማስተካከል የባለቦታው ፊርማ ያስፈልጋል። ባለቦታው ጋሽ መቀስ ናቸው፣ የእሳቸው ፊርማ ደግሞ ባለፈው ወር በሐኪም ማስረጃ ታግዷል። የሚፈርምላቸው ልጁ ነው። ልጁ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝና፣ «እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይሄን ደብተር ባሳዩኝ ኖሮ ምድጃውን አዞረው ነበር፤ አሁን ተገንብቷል» አለኝ። አምነዋለሁ። የሚያቃጥለኝም ማመኔ ነው። ይግባኝ ብልም ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

የቀያሽነት ፈቃድህን እንደነጠቁህም ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሰማሁ። ከታኅሣሥ ሃያ ጀምሮ ሥራ የለህም። ለእማዬ ግን በየሳምንቱ ጦጣዋ ዛሬ እንዲህ አደረገች እያልክ ትጽፋለህ። ሳይቱን ከለቀቅህ ስንት ጊዜህ ነው? የትኛዋን ጦጣ ነው የምታየው? እኔንም እንደ እማዬ በሁለት ወረቀት ልታሳድረኝ ነው እንዴ?

ይኸው ሰላምታው። እንደምን አለህ? በልተሃል?

እህትህ

ጥር 20

እታለም፣

እበላለሁ። አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፣ መስኮቷ ወደ ጋራዥ ነው። ጦጣዋን ፈጥሬያታለሁ፤ የመጀመሪያዋ ብቻ እውነት ነበረች። ይቅርታ። ደስ የሚላት ሌላ ነገር አጣሁ።

ፈቃዴ በመሄዱ አላዘንኩም ብልሽ አታምኚኝም፣ አዝኛለሁ። ግን የሚያንገበግበኝ በከንቱ መሄዱ ነው። ሰጥቼ የሆነ ነገር ባገኝበት፣ ሦስት ሜትሩ ቢቀር ስድስቷን ሳንቲሜትር እንኳ ባገኝበት ምን ነበር? ሰው የበደለውን አምኖ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ ነገሩ ግን እንደነበረ ሲቀር ምን ይባላል? ስም ያለው ነገር አይመስለኝም።

አሁን የሚከለክለኝ ሥራ ስለሌለ እመጣለሁ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እደርሳለሁ። ለእማዬ ምን ላምጣ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ፈለገች?

ወንድምሽ

የካቲት 1

ስንዝሬ፣

ና። ቁጣዬ አልቋል፣ የቀረው ድካም ነው።

ያለንበትን ሳታውቅ እንዳትመጣ ልንገርህ። ዳቦ ቤቱ ሥራ ጀምሯል። የምድጃው ጀርባ ለእማዬ ክፍል ቅርብ ስለሆነ ግድግዳችን ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። አልጋዬን አስጠጉልኝ ብላ አስጠጋንላት፤ የሰነፈውን ጎኗን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትተኛለች። ሐኪሙ እንኳ ሙቀቱ ይጠቅማታል አለ። ፊዚዮቴራፒውን አቋርጠናል። ልጁ በየጠዋቱ ሁለት ዳቦ በአጥሩ በኩል ይልካል። እምቢ ብዬ ነበር፣ እማዬ ግን «ዳቦው ምን አደረገ?» አለችኝ።

ጋሽ መቀስ አሁን በእኛ በኩል መምጣት አይችሉም፣ ልጃቸው ይወድቁብኛል ብሎ ይፈራል። ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ግን በዳቦ ቤቱ ውስጥ አልፈው ምድጃው አጠገብ ካለው ግድግዳ ስር ይቆማሉ። ሲሰፉ ጣታቸው ላይ የሚያደርጓት ብረት አለች አይደል፣ በእሷ ያንኳኳሉ። «ማነው የዘጋብኝ?» ይላሉ። ድምፃቸው ይሰማል። እማዬም ከአልጋዋ ሆና፣ «ማንም አልዘጋብህም፣ ክፍት ነው፣ ግፋው» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ቀን ነገሯ ጠፋባት ብዬ ደነገጥኩ። አልጠፋባትም፤ አየችኝና፣ «ምን ልበለው?» አለችኝ። የሚገፉት ይመስለኛል፣ ትንሽ ጸጥ ይላል። ከዚያ «እንግዲያው ነገ» ብለው ይሄዳሉ።

ደብዳቤህን ሁሉንም አንብቤላታለሁ፣ የደብተሩንም ነገር። ሰምታ ስትጨርስ፣ «አባቱም እንደዚሁ ነበር፣ ውሃ ያቀበለውን ሰው እምቢ አይልም» አለች። ይቅር ብላህ ይሁን ወቅሳህ አላውቅም፣ መጥተህ ፊቷን እይ። ጦጣዋን ግን እንድትቀጥልላት ትፈልጋለች፤ ውሸት መሆኗን ከሁለተኛው ደብዳቤ ጀምሮ አውቃ ነበር።

ምን ላምጣ ላልከው፣ ምንም አታምጣ። ትልቁን ሻንጣ አትያዝ፣ አያልፍም። እማዬን ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ከመግባትህ በፊት ጥጉ ላይ፣ ጫማ ሰፊው አጠገብ፣ አንድ ሰዓት ያህል እንድትቀመጥላት ትፈልጋለች። አላፊ አግዳሚውን ቁጠርላት። ሰላም ያላሉህንም ለይተህ ቁጠር። ከዚያ ጎንህን አዙረህ ግባ፣ መሃል ላይ ግድግዳው ሆድ አለው፣ ተጠንቀቅ። ቁጥሩን እስክትነግራት እንዳትረሳው።

እህትህ